ሶፋ በካምፕ አሠራር

ብዙወርቅ ነገሩን የሰማችው ከተገለበጠ ሶፋ ጀርባ ተንበርክካ፣ እጇን እስከ ክርኗ እንጨቱ ውስጥ አስገብታ የመቀመጫውን ላስቲክ እየጎተተች ስትፈትሽ ነው። አናጢው ዳባሶ የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ከክብረ መንግሥት ጣውላ ከሚያመጣለት ከኢፋ ጋር በኦሮምኛ ያወራል። ብዙወርቅ ከባሏ ጋር አብራ የወጣች መስሎታል። ኢፋ ያ ትልቁ ሶፋ የማን እንደሆነ ጠየቀው። የሻምበል ኃይለማርያም ነው አለ ዳባሶ፤ በካምፕ አሠራር ይሁንልኝ ብሎኛል፣ በወሩ መጨረሻ አይሱዙ ላይ ጭኖ ደባርቅ ወንድሙ ዘንድ ሊገባ ነው፣ ቤቱን ነጋዴው አምሀ ሊገዛው ተስማምተዋል፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ያየውና ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ይፈራረማሉ። ይህን ሁሉ የተናገረው ስለ በቆሎ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ዘና ብሎ ነው። ኢፋ፣ ሚስትየውስ አለ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ አዴ ብዙወርቅስ፣ ያን ሁሉ ደንበኛ ጥላ እሺ አለች? ዳባሶ ሳቅ ብሎ፣ ባሏ ከሄደ ትሄዳለች እንጂ ምን ትሆናለች አለው።

የካምፕ አሠራር የሚባለውን የማያውቅ አናጢ ነገሌ ውስጥ የለም። የጦር ሰፈሩ ሰው አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም፣ መደርደሪያውም በብሎን ነው የሚሠራለት፤ ኮላና ሽብልቅ ለከተማ ሰው ነው። የዝውውር ደብዳቤ ጠዋት መጥቶ መኪናው ከሰዓት በር ላይ ሊቆም ስለሚችል፣ አንዲት አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ይዞ ቤቱን በአንድ ሰዓት ፈታትቶ መጫን የሚችል ሰው ነው ደህና ወታደር የሚባለው። ብዙወርቅ ራሷ የወሎ ወታደር ልጅ ናት፤ ሜጋ ካምፕ የተወለደችው እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ነው፣ አግብታም የተኛችው እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ መጀመሪያ ኃይለማርያም ቁልፉን ይዞ ቤቱን ይዞራል፣ የላላውን ያጠብቃል፤ እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ታየውና ትስቅበታለች። አሁን ጡረታ ከወጣ አራት ወሩ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍበት አለቃ የለም። ከእንግዲህ የትም አንሄድም ብላ ልቧን ያሳረፈችው በዚህ ነበር።

ለዚህም ነው ትናንት ራት ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነገ ሶፋ እንግዛ፣ ጥሩውን አንቺ ምረጪ፣ በዋጋ አትሳቀቂ ሲላት ጆሮዋን ማመን ያቃታት። ይህ ሰው ፕላስቲክ ወንበር ሲገዛ እንኳ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጠዋት የበዓል ቀሚሷን ለበሰችለት። መጀመሪያ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ከከሚላ ሱቅ ገቡ። ከሚላ በሞያሌ በኩል ያስመጣችው ቆዳ መሰል ሶፋ እንደተጠረገ ጫማ ያበራል፤ ሃያ ስምንት ሺህ ብር አለች። ብዙወርቅ ግን ዕድሜዋን ጨርቅ ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት፣ በብልጭልጭ አትሸነገልም። የክንዱን ሥር በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ቅርፊቱ ተነሳ። ስፖንጁን በጉልበቷ ተጭና ስትለቀው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ከዚያ አንዱን እግር ብድግ አደረገች፤ ደህና ሶፋ አንዱ እግሩ ሲነሳ ጎረቤቱ አብሮ ይነሳል፣ ይኼኛው ግን ወገቡ ላይ ተጣመመና ሲጥ አለ። ጎንበስ ብላ ከሥሩ ብታይ ችፑድ ነው። ከሚላ፣ ሶፋ ነው ወይስ አማች የምትመርጪው ብላ ሳቀችባት። ኃይለማርያም ከዳር ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ ይፈታል? አይፈታም ስትለው ከሱቁ ለመውጣት እሱ ቀደመ። ብዙወርቅ ያን ጊዜ፣ የወታደር ነገር ብላ ስቃ አልፋዋለች።

የዳባሶ ሶፋ ግን ሌላ ነው። ኤል ቅርጽ ያለው፣ አምስት ሰው እንደ ልብ የሚያስቀምጥ፣ አጥንቱ ዝግባ፣ ስፖንጁ ተደርቦ የተጣለ፣ ጨርቁ ደግሞ አቧራ የማያጋልጥ ቡናማ። እጇን ስታሳርፍበት ወድዳዋለች። ኃይለማርያም ሌላውን ነገር ሁሉ እንደፈለግሽ አላት፣ ዳባሶን ለብቻው ገለል አድርጎ ትንሽ አነጋገረና ስልክ ልደውል ብሎ ወጣ። እሷ ላስቲኩን ሳታይ አትሄድም። ይኸው ስታየው ሰማች። ጉልበቷ ሥር ያለው የጣውላ ፍቅፋቂ ሲወጋት ይሰማታል፣ ላስቲኩን ግን አልለቀቀችም። መጀመሪያ የመጣባት ቁጣ አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ጣውላ ጫኙ ኢፋ እንኳ አሁን ከእሷ እኩል ያውቃል። ትናንት ማታ ስትደሰት ያያት ባሏ ምን እያሰበ እንደነበር ስታስብ ደግሞ ኀፍረቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ተነሥታ ቆመች።

ኢፋ ሄዷል። ዳባሶ ከሶፋው ጀርባ ብቅ ስትል አይቶ በእጁ የያዘውን መላጊያ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ሰማሽኝ እንዴ ብሎ ጠየቃት። ሰማሁህ አለችው። አላወቅሽም ነበር ማለት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀና አንገቱን ደፋ፤ ዳባሶ አፉ ይፈጥናል እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙወርቅ ብሎኖቹ ገብተው እንደሆነ ጠየቀችው። አልገቡም፣ ቀዳዳውም ገና ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጨርሶ ስምንት ሰዓት ላይ እቤት ሊያደርስ ነው። እንግዲያው ብሎን የሚባል ነገር እንዳታስገባበት አለችው፤ በኮላና በሽብልቅ ይሁን፣ እንደ ከተማ ሰው ሶፋ።

ዳባሶ አገጩን እያሻሸ ቆየ። «አዴ ብዙወርቅ፣ ያዘዘኝ ሻምበል ነው። እኔ በባልና ሚስት መሐል መግባት አልወድም።»

«ምረጪ የተባልኩት እኔ ነኝ» አለች። «መርጫለሁ።»

በኮላ ከሆነ ሶፋው ተገጥሞ በበርሽ አይገባም አላት። ጎኑና ማዕዘኑ ለየብቻ ገብቶ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው የሚጣበቀው፤ አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ በመጋዝ ካልሆነ አይወጣም፣ እስከ ነገ ጠዋት ድረስም ሰው ሊቀመጥበት አይችልም፣ መገጣጠሚያው እርጥብ እያለ ከተጫኑት ዕድሜ ልኩን ሲያቃስት ይኖራል። ይህን ሁሉ የነገራት ሐሳቧን እንድትለውጥ ብሎ ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ነገር ስትሰማ፣ ይሁን፣ ይሁን ትለዋለች። በመጨረሻ ዳባሶ፣ ቅድም ያልኩትን ስለሰማሽ ነው እንጂ አላደርገውም ነበር ብሎ የኮላውን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረደ።

መንገዱ ላይ የሐምሌ ነፋስ ቀዩን አቧራ እያነሳ ይበትናል። ደጋው አገር በዚህ ወር ጭቃ ነው፤ ነገሌ ግን ሐምሌ ማለት ደመና ብቻ፣ ጠብ የማይል ሰማይ ብቻ ነው። ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ ባጃጆች፣ የቅዳሜ ገበያተኛ። በየአምስት እርምጃው ሰው ያስቆማታል፤ አካም፣ ናጋ፣ የልጄ ዩኒፎርም ደረሰ ወይ፣ የሱሪው ዚፕስ? ለሁሉም በየቋንቋው እየመለሰች፣ የእያንዳንዱን ፊት እንደ ሌባ ትመረምራለች። ይኼኛዋ ታውቅ ይሆን? ይኼስ? አንዲት ደንበኛዋ ለመስቀል የሚደርስ ቀሚስ ልታዝዛት ፈልጋ ኋላ እመጣለሁ ስትላት፣ ስለማታገኚኝ ነው ኋላ ያልሽው ብላ ልትጮኽባት ምንም አልቀራትም። ይህቺን ከተማ ሊያስለቅቃት የተነሣው ባሏ ግን መንገድ ላይ እንዲህ ሰላም ሲባል አይታ አታውቅም። ኃይለማርያም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣ ከካምፑ በርና ከቤቱ በር ሌላ የሚያውቀው መንገድ ጥቂት ነው። ኦሮምኛውም ከናጋ አያልፍም። እሷ ግን እዚህ ሰው ናት፤ ደባርቅ ሲደርሱ የኃይለማርያም ሚስት ትሆናለች፣ በቃ።

እቤት ስትደርስ ልጇ ረሆቦት ሳሎኑን ጠርጋ ጨርሳለች። ሳሎኑ አምስት በአራት ነው፤ ግድግዳውን ያስመረገችው ብዙወርቅ ናት፣ ሻምበል ግዳጅ ላይ በነበረበት ዓመት ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ውኃውን ከከተማው ውጭ በአህያ አስመጥታ። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ አለ፣ ከአጠገቡ ያላለቀ ዩኒፎርም ተቆልሏል። ረሆቦት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ናት። ብዙወርቅ ወደ ውስጠኛው ክፍል ስታልፍ የልጅቱ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ወርደው በካርቶን ውስጥ መደርደራቸውን አየች፤ ካርቶኑ በገመድ ታስሯል፣ ገመዱም የተቋጠረው በወታደር ቋጠሮ ነው። ቆማ ካርቶኑን ስታይ ቆየች። ረሆቦት ከኋላዋ መጥታ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች፤ እናቷ እንዳወቀች ገባት። አባዬ አትንገሪያት ስላለኝ ነው አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ። እሱ ራሱ ይነግራታል ስላለኝ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ስትጠይቃት ሦስት ሳምንት አለቻት።

ሦስት ሳምንት አብረው በልተዋል። ሦስት ሳምንት ይህቺ ልጅ የእናቷን ፀጉር ስትሠራ፣ ክር ስታስገባላት፣ ስለ ሶፋው ጨርቅ ቀለም ስትከራከር ነበር። ብዙወርቅ ባሏ ሲያታልላት ያልመጣው ዕንባ እዚህ ላይ መጣባት፣ ግን አላፈሰሰችውም። ትሄጃለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ረሆቦት መሬቱን እያየች፣ አጎቴ ጎንደር እንድትማር አደርጋታለሁ ብሏል፣ እዚህ ምን አለ እማዬ አለች። ክፉ ልትናገር አልነበረም፣ ልጅ ናት፣ የምታስበውን ነው ያለችው። ብዙወርቅ ካርቶኑን አልነካችውም። ወደ ሳሎን ተመልሳ ለሶፋው ቦታ ልታደርግ ወንበሮቹን ወደ ጓሮ ማውጣት ጀመረች።

ኃይለማርያም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጢሙን እንኳ በየቀኑ መላጨት አልተወም። ምሳ ቀረበ። ሦስቱም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሶፋው ስምንት ሰዓት ይመጣል አለ ኃይለማርያም። አምሀም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ ይላል፣ ምርቃት እንዲሆን፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ ሰው ቢኖር ደስ ይላል። ብዙወርቅ አንድ ነገር ወስናለች፤ እድል ልትሰጠው። ይህ ሰው ክፉ ባል አይደለም፣ አልመታትም፣ ደመወዙን አልደበቀባትም፤ በራሱ አፍ ካወጣው ልትቆጣ፣ ልታለቅስ፣ ከዚያ ደግሞ ልትነጋገር ትችላለች። ሌላስ የምትነግረኝ ነገር አለ ብላ ጠየቀችው። ረሆቦት ጉርሻዋን አፏ ጋ አድርሳ እጇ ቆመ። ኃይለማርያም ፊቷን አየ፣ ትሪውን አየ። ሌላ ምን ይኖራል አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ቆሞ ሲታጠብ ጀርባውን እያየች፣ እድሉ እንዳለፈበት ለራሷ ነገረች።

ዳባሶ የሶፋውን ክፍሎች በጋሪ ጭኖ ሲመጣ ኃይለማርያም አምሀን ሊያመጣ ወጥቷል። እንጨቱ ክፍል በክፍል በበሩ ገባ፤ ማዕዘኑ ሲገባ የበሩን ቀለም ትንሽ ላጠው። ዳባሶ በጉልበቱ ተንበርክኮ ኮላውን በብሩሽ ይቀባል፣ ሽብልቁን በእንጨት መዶሻ ያስገባል፣ እያንዳንዱ ምት የስፌት መኪናዋን ያንቀጠቅጣል። ብዙወርቅ ጎኑ ላይ ሳይዘጋ የቀረውን የጨርቅ ስፌት ራሷ እየዘጋች፣ እጇ እንደ ልማዱ ይሠራል። ረሆቦት በሩ ላይ ቆማ ስታይ ብሎን እንደሌለ ገባት። እማዬ ምን እያደረግሽ ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ሶፋ እያስገባሁ አለቻት እናቷ ሳትዞር። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ሶፋው ተገጥሞ ሲያልቅ ከመስኮቱ ሥር እስከ ጓሮው በር ድረስ ሳሎኑን በማዕዘን ያዘው። ያምራል። ብዙወርቅ ክፉ ቀን ባይሆን ኖሮ እልል ትልለት ነበር። ዳባሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እስከ ጠዋት ማንም እንዳይነካው ብሎ ሊወጣ ሲል የግቢው በር ተከፈተ።

አምሀ ነገሌ የሚያውቀው የእህል ነጋዴ ነው፤ አስፋልት ዳር ያለ ቦታ ሁሉ ዓይኑ ያርፍበታል፣ ቢሆንም ጨዋ ነው። ጫማውን ደጃፉ ላይ አራግፎ ገባ፤ ቤት ለእምቦሳ አለ። ሶፋውን ሲያይ በእውነት ወደደው፤ ክንዱን ደባበሰ፣ ዝግባ ነው አይደል አለና ለመቀመጥ ቀሚሷን እንደምትሰበስብ ሴት ጋቢውን ሰበሰበ። ብዙወርቅ እጇን ዘርግታ፣ ይቅርታ አቶ አምሀ፣ አይቀመጡበት፣ ኮላው አልደረቀም አለችው። ወንበሮቹ ሁሉ ጓሮ ስላሉ አምሀ ጋቢውን እንደሰበሰበ ቆሞ ቀረ። ኃይለማርያም የምን ኮላ አለ። ዳባሶን አየው፤ ዳባሶ መዶሻውንና ቆርቆሮውን እየሰበሰበ ቀና አላለም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ከማዕዘኑ ሥር አስገባ፣ ብሎን በዳሰሳ ሲፈልግ፣ አንዱን መገጣጠሚያ ከዚያ ሌላውን። እጁን ሲያወጣ ጣቱ ላይ ነጭ ኮላ ተለጥፏል። ጣቱን አገላብጦ አየው። ዳባሶ ደህና ዋሉ ብሎ በፍጥነት ወጣ።

አምሀ ነገሩ ስላልገባው ዝምታውን ሊያሳጥር ብሎ ቀልጠፍ አለ። ሳሎኑ ደህና ስፋት እንዳለው፣ ያንን ግድግዳ አፍርሶ መጋዘን ሊያደርገው እንደሚችል፣ ለሰኞ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ሰው አስቀድሞ እንዳነጋገረው ነገራቸው። እንግዲህ የወይዘሮ ብዙወርቅ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው ብሎ ወደ እሷ ፈገግ አለ። ኃይለማርያም አምሀ አለ፣ ቆይ ለማለት እንደሚፈልግ ሰው፤ ግን ነገሩ ከአፉ ወጥቷል።

 ብዙወርቅ ቀስ ብላ ተናገረች። «አቶ አምሀ፣ በዚህ ጉዳይ እኔን አንስቶ ያነጋገረኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ። አልፈርምም።»

አምሀ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሻምበልን አየው፤ የኃይለማርያም አንገት ቀልቷል። ለሰውዬው የሰጠው ቃል ነው፣ እጅ ጨብጠውበታል። አምሀ ጋቢውን ለቀቀ። ባልና ሚስት ተነጋገሩ፣ እኔ የሰው ቤት ማፍረስ አልፈልግም ብሎ ጫማው ሳይንኳኳ ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፣ ከውስጠኛው በር ጀርባም ትንፋሿን የያዘች ልጅ።

ኃይለማርያም አልጮኸም። መጮኽ አያውቅም፤ የሚያውቀው ማዘዝና መታዘዝ ነው። ሶፋውን ዞር ብሎ አየና፣ በቤቴ የምቀመጥበትን የምወስነው እኔ ነኝ በሚል አኳኋን መሐሉ ላይ ገብቶ ተቀመጠ። እንጨቱ ከማዕዘኑ ሲጥ አለ።

«ተነሥ» አለችው።

በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ብላው አታውቅም። ኃይለማርያም ከመገረሙ በፊት እግሩ ቀጥ አለ፤ ተነሥቶ ሲቆም ነው መነሣቱን ያወቀው። ብዙወርቅ ሄዳ ማዕዘኑን በእጇ ዳሰሰች፣ ሽብልቁን በመዳፏ ተጭና ያዘች፣ አልተላቀቀም። እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች። እሱ ከላይ፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ አገሩ ይገባል፣ ምን የሚገርም አለው አላት። ወንድሜ ደሳለኝ ክፍል ሠርቶልኛል፣ አገሩ ያየኛል፣ ባዶ እጄን እንዳልገባ ነው ደህና ሶፋ ያልኩሽ፣ ለአንቺም ክብር ነው። እሷ ሽብልቁን እንደያዘች ሰማችው። ከዚያ ቀና አለች።

«ሻምበል፣ እኔ ወታደር አይደለሁም። የዝውውር ደብዳቤም አልደረሰኝም።»

ኃይለማርያም መስኮቱን አየ፣ ያላለቀውን ዩኒፎርም አየ። ሲናገር ድምፁ የሻምበል አልነበረም። «እንዴት አድርጌ ልጠይቅሽ? ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትይ አውቅ ነበር።»

ይህ ከሁሉም በላይ ወጋት። አላወቀም፣ ወንድ ሆኖ አላሰበበትም፣ ሥራ በዝቶበት ረሳው ብላ ልታስብለት የያዘችው ምክንያት ሁሉ አለቀ። ማወቁን ያውቅ ነበር። ቤቱን የማን ጉልበት እንዳቆመው፣ አባቷ እዚሁ ከተማ እንደተቀበረ፣ ደጃፉ ላይ የሚጠብቃትን ሰው ሁሉ አይቶ፣ ለዚህ ሲል ነበር የዘለላት።  ኃይለማርያም ክፍሉ መሐል ቆሞ፣ የሚቀመጥበት ነገር አጥቶ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ በላዩ ይነካካል። ደሳለኝን ምን ልበለው አለ በመጨረሻ። ሰኞ ቀጠሮ አለ፣ አይሱዙውንም ያነጋገረው እሱ ነው።

«እውነቱን በለው» አለች። «አሁን፣ እኔ እዚህ እያለሁ።»

ደወለ። የኔትወርኩ ነገር ሆኖ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፣ ሦስተኛው ገባ። የደሳለኝ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው፤ እዚያ ዝናብ ነው፣ ክፍሉ ኖራ ተቀብቷል፣ እናታችን ቀን እየቆጠረች ነው፣ ሶፋውስ ተገዛ? ኃይለማርያም ተገዝቷል አለ። ጥሩ ሶፋ ነው ብሎ ጨመረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ጉዳዩ የሚሆን አይመስለኝም፣ ብዙወርቅ እምቢ አለች አለ። ወዲያው አነጋገሩ ቀለል አለው፤ ወንድሙም ከዚያ ማዶ፣ ሴት ሲጠይቋት መች እሺ ትላለች፣ አንተ ጠይቀሃት ነዋ ብሎ ሳቀበት። ኃይለማርያምም አብሮ ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ብዙወርቅ ከተንበረከከችበት ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ እጇን አጣምራ፣ ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። ደሳለኝ ሃሎ፣ ሃሎ ይላል፣ ሻምበል ትሰማኛለህ ይላል። ኃይለማርያም ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነው፣ ግን እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም፤ አዘነችለት፣ ዓይኗን ግን ከፊቱ አላነሳችም።

«አልጠየቅኋትም» አለ ኃይለማርያም። ድምፁ ዝቅ ስላለ ደሳለኝ ምን አልክ አለው። «አልጠየቅኋትም እያልኩህ ነው። ከእሷ ደብቄ ነው ቤቱን ልሸጥ የነበረው። እሷ ያቆመችውን ቤት። አልመጣም፣ ደሳለኝ። እናታችንን እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ከዚያ ማዶ ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ደሳለኝ አንድ ነገር አለና ስልኩ ተዘጋ፤ ምን እንዳለው ኃይለማርያም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ደግ አደረግህ አላለችውም። ስልኩን የት እንደሚያደርገው እንዳላወቀ ሰው በእጁ ይዞ ቆሟል። ብዙወርቅ ከበሩ ጀርባ የተጠቀለለውን ሰሌን አወጣችና ሶፋው ፊት መሬቱ ላይ ዘረጋችው። ቁጭ በል አለችው፣ ድምጿ ደክሟታል። ተቀመጠ። እሷም ከሰሌኑ ሌላ ጫፍ ተቀመጠች፣ መሐሉን ለሦስተኛ ሰው ትታ፣ ረሆቦት ብላ ተጣራች። ከውስጠኛው ክፍል መልስ አልመጣም። ደግማ ተጣራች። የካርቶን ገመድ ሲፈታ ወይም ሲጠብቅ የሚያሰማው ድምፅ ተሰማ፣ የትኛው እንደሆነ ከሳሎን መለየት አይቻልም፣ በሩ ግን እንደተዘጋ ነበር።